የጉና ለቅሶ፦ ከዱርቤቴ እስከ ዘጌ

ዱርቤቴ፣ ጎሕ ሲቀድ

ከቤቴ የወጣሁት ዶሮ ደግሞ ሲጮህ ነው። ጭጋጉ ከሜዳው ገና አልተነሣም፤ የኅዳር ብርድ ጣት ይቆርጣል። በጀርባዬ ስልቻ አዝያለሁ። በስልቻው ውስጥ በሶ፣ አንድ ቅል ማርና ጥቁር የለቅሶ ልብሴ አለ። ጥቁሩን ከላይ ያልለበስሁት ሆን ብዬ ነው። በጣልያን ጊዜ ጥቁር ለብሶ መንገድ የወጣ ሰው "የማን ለቅሶ ነው?" መባሉ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

አንባቢዬ ከመንገዱ በፊት ይኼን ይወቅልኝ። በዱርቤቴ አገር አልቃሽ ነኝ። ሰው ሲሞት ይጠሩኛል። የሟቹን አባት፣ አያቱን፣ የእናቱን አገር፣ የሠራውን ሥራ ጠይቄ በስንኝ አወርደዋለሁ፤ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው ያን ሲሰማ ነው። ሬሳው በሩቅ አገር የቀረ እንደሆነም ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተን፣ ጠመንጃውን አስደግፈን፣ ዘሩን እየጠራን እናለቅስለታለን። ዕቃው ለወራሽ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተለቀሰለት ሰው ጠፋ ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም።

ይኼ ጉዞ የታናሽ እህቴን የስንዱን ባል ለማልቀስ ነው። ባሏ ከሴሎን ደሴት፣ ከህንድ ባሕር የመጣ ብር ሠሪ ነበር። ስሙ ጉናዳሳ ነው። እኛ ጉና አልነው፤ የተራራ ስም ስለሆነ አፋችን አልከበደውም። ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር በተዋጋበት ክረምት "አንተ የእንግሊዝ ዜጋ ነህ፣ ጠላት ነህ" ብለው ከሥራው ላይ አንሥተው ሐይቁን አሻግረው ጎርጎራ አሰሩት። በጥቅምት የመሞቱን ወሬ አንድ ታንኳ ሠሪ ይዞላት መጣ። ስንዱም ሰው ላከችብኝ፦ "እትዬ፣ ነይና አልቅሽልኝ፤ እኔ አልቻልሁም" ብላ።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪጌታ ነበር። "ያልተጠመቀ፣ በዚያ ላይ አንጥረኛ" ብሎ እስኪሞት ስንዱን አላያትም። እኔ ግን በየዓመቱ ባሕር ዳር እየሄድሁ ከቤታቸው እሰነብት ነበር። ፊደል የቆጠርሁት አባቴ ለወንዶቹ ሲያስተምር ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ እየሰማሁ ነው፤ ተረት የጠገብሁት ግን በጉና ቤት ነው።

ወደ መራዊ፣ ረፋድ

ከገበያው ዳር የጣልያን ካሚዮን ቆሟል፤ ጤፍና የድንኳን ሸራ ጭኗል። ሹፌሩ ተስፉ የሚባል የሐማሴን ልጅ ነው። ለመሳፈሪያ የጣልያን ገንዘብ፣ ሊሬ፣ የለኝም፤ የማር ቅሏን አሳየሁት።

"አደይ፣ ማርዎን ለሐዘንተኛ ይዘው ይግቡ" አለኝ፤ አደይ በአገሩ እናቴ ማለት ነው። "ከጆንያው ላይ ይውጡና ገመዱን አጥብቀው ይያዙ። የወደቀ ሰው መልሼ አላነሣም፤ ይህን መኪና ማቆም ከማስነሣት ይከብዳል።"

መንገዱ አዲስ ጥርጊያ ነው፣ ድንጋዩ ገና አልተኛም። ግራና ቀኙ ዳጉሳና ኑግ፤ ኑጉ ቢጫ አበባውን አራግፎ ጠቁሯል። ከመንገዱ ጠርዝ ዛፉ ሁሉ ተመንጥሯል፤ አርበኛ እንዳይደበቅበት ነው። አንድ መንደር አለፍን። ጣሪያ የለውም፣ የተቃጠለ ምሰሶ ብቻ ቆሟል። አንዲት ሴት ከአመዱ መካከል የወፍጮዋን ድንጋይ ትጠርጋለች። ካሚዮኑን ቀና ብላ አየችው እንጂ አልሸሸችም፤ መጥረጓን ቀጠለች። ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ግልገል አባይ ድልድይ ላይ ለጣልያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎች፣ አስቆሙን። ጣልያኖቹ ይህን ወንዝ ፒኮሎ ይሉታል፤ ትንሹ ማለታቸው ነው አሉ፤ እኛ ግልገል ካልነው ስንት ዘመን አለፈ። አስካሪው ስልቻዬን ዳበሰና ጥቁሩን ልብስ አወጣው።

"ለቅሶ ላይ ነሽ?"

"ሴት ነኝ፣ ጥቁር ልብስ አይጠፋኝም" አልሁት። ስቆ ልብሱን መለሰልኝ።

ወንዙን ስናልፍ ተስፉ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። "አደይ፣ እኔ አስካሪ አይደለሁም፣ ለእኔ ይንገሩኝ። ማን ሞቶብዎት ነው?"

"የእህቴ ባል።"

"እግዚአብሔር ያጽናዎት። የማን ልጅ ነበር?"

ስንት ዓመት ከቤቱ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ የአባቱን ስም አላውቅም። "የሩቅ ሰው ነው" አልሁት።

"ሩቅ ከሆነ ይህን ያህል መንገድ ምን አንገላታዎት?"

እስከ መራዊ ድረስ ያ ጥያቄ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ናጠኝ። መራዊ ላይ ተስፉ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ ገዝቶ አብረን በላን። ከማሬ አንድ ጉርሻ አቀመስሁት፤ "ቃሌን አፈረስሁ" እያለ ጣቱን ላሰ።

ባሕር ዳር፣ ከቀትር በኋላ

ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር ሌላ ከተማ ናት። ሾላና ዋንዛ የነበረበት ቦታ ዛሬ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ኖራ የተቀባ ቤት፣ በርሜል፣ የሲሚንቶ ጆንያ፣ ከወደቡ ላይ የሚያጓራ ሞተር ጀልባ። ከጀልባው ሥር ግን የዱሮዎቹ ሴቶች ቀረሶና አምባዛ ዓሣ በቅጠል ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። ዝንብ ያባርራሉ፣ ይቀልዳሉ። ሐይቁ የማንም ባንዲራ ቢሰቀል መልኩ አይለወጥም።

የስንዱ ቤት ከውሃው ዳር ነው። ደጁ ላይ ጉና ብር የሚቀጠቅጥበት መስፍ ቆሟል፤ ዶሮ ወጥታበታለች። ስንዱ ወጥታ ሳመችኝ፣ እግሬን አጠበችኝ፣ ውሃውን ደፋች፣ ተቀመጠች። ዓይኗ በግንቦት እንደ ነጠፈ ምንጭ ነው።

"አላለቀስሽም?" አልኋት።

"በምን አለቅሳለሁ፣ እትዬ? ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። የጎረቤት ሴቶች መጥተው ተቀመጡ። 'የማን ልጅ ነበር? አገሩ ወዴት ነው?' አሉኝ። የአባቱን ስም አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ አፌ ላይ አልቀረም። ዝም ብዬ አየኋቸው፤ ዝም ብለው አዩኝ፤ ተነሥተው ሄዱ። ካራቢኔሪው፣ የጣልያን ፖሊሱ፣ ደግሞ በአስተርጓሚ 'ለእንግሊዝ ሰው ለቅሶ የተቀመጥሽ እንደሆነ እሱ በሄደበት ትከተይዋለሽ' አለኝ።"

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እንደ ሰው እንዲለቀስለት። ሌላ ምን አለኝ።"

ከጓዳው ግድግዳ ላይ በትንሽ መጋረጃ የተሸፈነች ጎድጓዳ ቦታ አለች። መጋረጃውን ገለጥሁ። ጉና ከአገሩ ያመጣት ትንሽ ምስል፣ ነጯ ሴት፣ እዚያው አለች፤ ግን ፊቷ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

"ምነው?"

"ፊቷን ማየት አልፈልግም። በየጥዋቱ ውሃዋን እየለወጠ ስንት ዓመት አገለገላት። ሲወስዱት እጇን አላነሣችም።"

ስለዚህች ሴት ልንገራችሁ፤ ያለ እሷ ይኼ ጉዞ ጉዞ አይሆንም። ቁመቷ አንድ ስንዝር ነው፤ እንደ ሲኒ የነጣች፣ እንደ ሲኒ የምትሰበር ናት። ነጠላ ከአናቷ ተከናንባለች። በአንድ እጇ ትንሽ እንስራ ይዛ ወደ ታች ዘንበል አድርጋታለች። ሌላው እጇ ባሕር ላይ ማዕበል ሲነሣ ተሰብሮ ነበርና ጉና የብር እጅ ሠራላት፤ ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም፤ ጣቶቿ ግን ይቆጠራሉ። ጉና ሲጠራት አንድ ጊዜ "እሱ" አንድ ጊዜ "እሷ" ይላት ነበር። አማርኛው ተሳክሮበት ይመስለን ነበር፤ ኋላ ስንሰማው ነገሩ ራሱ እንደዚያ ነው።

"በመጀመሪያ ወንድ ነበር" ይል ነበር ጉና፣ ብሩን እየቀጠቀጠ። "በህንድ አገር፣ ዘውድ የደፋ፣ አበባ የያዘ። ስሙ ወደ ታች የሚመለከት ጌታ ማለት ነው። ከመከራ ሁሉ ወጥቶ ወደ ዕረፍት ሊገባ ደጁ ላይ ደረሰ። ከኋላው ጩኸት ሰማ። 'አንድ የሚጮህ ሰው እስካለ አልገባም' ብሎ ተመለሰ።"

ተመልሶም ሰውን ከመከራ ጉድጓድ ያወጣ ጀመር። አውጥቶ አውጥቶ ዞር ቢል ጉድጓዱ እንደገና ሞልቷል። ያን ጊዜ ከሐዘን የተነሣ ራሱ እንደ ቅል ተሰነጠቀ። እሱ የሚሰግድለት ጌታ ስብርባሪውን ለቅሞ ብዙ ራስ አደረገለት፤ ሺህ እጅም ጨመረለት፤ በየመዳፉም ዓይን አኖረለት። "ያላየ እጅ አይረዳም፤ ለዚህ ነው" ይለን ነበር። ያን ዕለት ካፈሰሰው እንባ አንዷ ጠብታ ሐይቅ ሆነች። ከሐይቁ አበባ፣ ከአበባው ሴት ወጣች፤ "አታልቅስ፣ አግዝሃለሁ" አለችው። ጉና ጣናን መጀመሪያ ያየው ጊዜ ከበቅሎው ወርዶ ብዙ ቆመ አሉ። "ይኼ ደግሞ የማን እንባ ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ ጭነኞቹ አበደ ብለው ሳቁበት።

ነጋዴዎች ከህንድ በመርከብ ይዘውት ጉና ወደ ተወለደባት ደሴት መጡ። እዚያ ናታ ተባለ፤ የአገር ጠባቂ ሆነ፤ ነገሥታት ሰገዱለት። በረዶ ወዳለበት ተራራ የወጣው ሺህ እጁን እንደያዘ ቀረ። ወደ ቻይና የሄደው ግን ተለወጠ። መጀመሪያ ሪዝ ነበረው፤ ዘመን ሲቆይ ሪዙ ጠፋ፣ ፊቱ ለሰለሰ፣ ነጭ ተከናነበ፣ ሴት ሆነ። ስሙም የዓለምን ጩኸት የምትሰማ ሆነ።

እኔ በዚህ ሳቅሁበት። "ወንድ እንዴት ሴት ይሆናል፣ ጉና?"

"አንቺ እሾህ ሲወጋሽ ማንን ትጠሪያለሽ?"

"እናቴን።"

"እነሱም እንደዚያ። እናቴ፣ እናቴ እያሉ ሲጠሩት ምን ያድርግ? ሆነላቸው።"

ይህችን ነጯን ለጉና አባት የሰጠው የቻይና መርከበኛ ነው። በወደባቸው ታሞ ተጥሎ አባትዬው ከቤቱ አስገብቶ አስታመመው። ሲድን ከዚህች በቀር ያለው ነገር አልነበረም። አባትዬው ተቀብሎ ከናታው ምስል ጎን አቆማት። "መልኩ ሌላ ነው፣ ሰውየው ግን አንድ ነው" አለ። ጉና ከአባቱ ሞት በኋላ በብብቱ ይዟት ባሕር ተሻገረ።

መጋረጃው የስንዱ ሥራ ነው። ያገቡ ሰሞን ይህችን ሴት ኪዳነ ምሕረት መሰለቻት። ነጠላ የተከናነበች፣ ለተጠማ ውሃ የምታፈስ፣ ሌላ ማን ትሁን? ሥዕል ደግሞ በእኛ ዘንድ ሳይሸፈን አይቀመጥም፤ መጋረጃ ሰፋችላት። በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ጧፍ አበራችላት። ጉና ዓመታት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ ኪዳነ ምሕረት አለመሆኗን የነገርኋት እኔው ነኝ፤ በድንጋጤ ጧፉን ጣለች። "ለምን ዝም አልኸኝ?" ብላ ጮኸችበት። እሱ ግን እየሳቀ፣ "በየአገሩ ልብስ ለውጧል። አንቺም አንድ አገር ነሽ" አላት።

ይህን ሁሉ ስንዱና እኔ እየተቀባበልን አስታወስነው። ሳላስበው ነገሩ በራሱ ጊዜ መስመር ያዘልኝ።

"ስንዱ፣ ዘሩን አገኘሁት" አልሁ።

"የማንን?"

"የባልሽን። የአባቱን ስም አናውቅም፤ አባቱ የታመመ ማስታመሙን ግን እናውቃለን። የመጣበትን መንገድ እናውቃለን። በዚያ መንገድ ሁሉ አብራው የነበረች ይህችው ናት። በእሷ እጠራዋለሁ።"

"እጇን ያላነሣችለትን?"

"እሱንም እጨምራለሁ። ሙሾ ቂም አይደብቅም።"

ያን ጊዜ ደጁ ላይ ሳል ሰማን። ጋሼ ኑርዬ ናቸው፤ የሞቱን ወሬ ያመጡላት ታንኳ ሠሪ። ከሐይቁ ዳር እስላሞች መካከል በታንኳ ሥራ ትልቁ እጅ የእሳቸው ነው ይባላል፤ የእሳቸው ታንኳ ደንገሉ ሳይበሰብስ ብዙ ይቆያል። ከደፉ ላይ ቆመው፣ "አላህ ያጽናችሁ" አሉን።

"ካራቢኔሪው እዚህ አያስለቅሰንም፣ ጋሼ" አለች ስንዱ።

"ዘጌ ጦጣ እንጂ ካራቢኔሪ የለም፤ ወደዚያ እንሻገር።"

"ለማያውቁት ሰው ማን ይመጣል?"

"የዘጌ ሴቶች አንገት ላይ ያለው መስቀል ማን የሠራው ነው? የእኔዋ ሚስት ክታቧን የያዘችበትስ?" አሉ ጋሼ ኑርዬ። "አንቺ ዝም ብለሽ ልብሱን ያዢ።"

ጣና ላይ፣ ንጋት

ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል። ታንኳችን ስትንሸራተት የደንገሉ ጠረን ይሸታል፤ እርጥቡ ከታች ቀሚሳችንን ያረጥባል። ጉማሬ ርቆ ያጉረመርማል። ሌሎች ሁለት ታንኳዎች ይከተሉናል፤ የጋሼ ኑርዬ ሚስትና ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ሁሉም ለጉና። ስንዱ የባሏን ልብስና መዶሻ ታቅፋለች። ነጯን ሴት እኔ ይዣታለሁ፤ በነጠላዬ ጠቅልያታለሁ።

ከጋሼ ኑርዬ እግር ሥር በደንገል ገመድ የታሰረ አንድ ጥቅል አለ። እግሬን ላስደግፍ ብል፣ "እሱን ተዪው፣ ልጄ" አሉኝ። ስንቃቸው መሰለኝ።

"ጎርጎራ አይተውታል?" አልኋቸው በዝግታ።

"ዓሣ እሸጥላቸዋለሁ፤ በአጥሩ አየው ነበር።"

"ምን ይል ነበር?"

መቅዘፊያቸውን አንድ ጊዜ ወደ ውሃው ሰደዱ። "መጀመሪያ ይለቀስለት" አሉ። "ከዚያ እናወራለን።"

ዘጌ፣ ረፋድ

ዘጌ መሬቱ አይታረስም፤ በሬም የለ፣ ሞፈርም የለ፤ ቡና ብቻ ነው። ከታንኳው ወርደን ወደ ጥላው ስንገባ ቀዘቀዘን። ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን በወገባቸው አስረዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ለማንም በማይከለከል ቦታ፣ አልጋ ለምነን አስቀመጥን። ሸሚዙን ዘረጋን፤ በአገሩ ወንዶች የሚታጠቁትን ባለመስመር ሽርጥ ከሥሩ ዘረጋን። ጠመንጃ የለው፣ ፈረስ የለው፤ መዶሻውን ከልብሱ ቀኝ አኖርን። ከራስጌው ነጯን ሴት አቆምሁ። ስንዱ ፊቷን ዞር አደረገች።

ጥቁሬን ለበስሁ። ጋሼ ኑርዬና ቤተሰባቸው በአንድ ወገን ተቀመጡ። በሌላው ወገን ማንም የለም። ለቃሚዎቹ ከቡናው መካከል ያዩናል፣ አይቀርቡም።

የደብሩ ካህን መምሬ አድማሱ በዘንግ እየተደገፉ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴን ያውቁት ነበር።

"የመሪጌታ ልጆች፣ ይህ ሰው ተጠምቆ ነበር?"

"አልተጠመቀም፣ አባቴ" አልሁ።

"የክርስትና ስም የሌለውን በምን ስም እፈታዋለሁ?"

"እንዲፈቱት አይደለም የመጣነው። ሊለቀስለት ነው።"

ዓይናቸው ነጯ ሴት ላይ ወደቀ። "ይህችስ?"

ጉና እንደነገረን ባጭሩ ነገርኋቸው፤ ወደ ዕረፍት ደጅ ደርሶ ስለተመለሰው፣ ስለ ሺህ እጁ፣ እናቴ ሲሉት እናት ስለሆነው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"እኔ ከዚህች ፊት አልቆምም" አሉ።

"እናውቃለን፣ አባቴ።"

"ከሐዘንተኛ ጋር መቀመጥ የሚከለክል መጽሐፍ ግን አላየሁም።" የእጅ መስቀላቸውን ከብብታቸው አወጡና ለአንድ ለቃሚ ሰጡት፤ "ከቤት አኑርልኝ" አሉት። እጀታው ተሰብሮ በብር ቀለበት የተጠገነ ነው። የማን ጥገና እንደሆነ አልጠየቅሁም። መምሬ ከስንዱ ጎን ከመሬት ተቀመጡ።

እሳቸው ሲቀመጡ የዘጌ ሴቶች ቅርጫታቸውን እየፈቱ መጡ። እኔም ተነሥቼ ጀመርሁ።

አባቱን አላውቅም፣ እናቱን አላውቅም፤
እጁን ግን አውቃለሁ፣ ሲሰጥ የማይደክም።

"እሱስ እውነት ነው" አለች አንዲት ሴት። የአንገቷን መስቀል ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። ሌላዋም አነሣች። ከወዲያ ማዶ የጋሼ ኑርዬ ሚስት የብር ማኅደሯን አነሣች። የሰው ለቅሶ ላይ የሟቹ ጋሻና ጎራዴ ሲነሣ አይቻለሁ፤ ብር እንደዚያ በየአንገቱ ሲነሣ ያየሁት በጉና ለቅሶ ብቻ ነው። ዘሩን ቀጠልሁ፤ ደሴቱን ጠራሁ፣ መርከበኛውን ያስታመመውን አባት ጠራሁ፣

ህንዶች ዘንድ ወንድ ነበር፣ ዘውድ የደፋ ጌታ፤
እቻይና እናት ሆነች፣ የጠማውን ሰምታ።

ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጉንጫቸው ግን ረጥቧል። እኔ የማየው ስንዱን ነው። ደርቃ ተቀምጣለች። ለእሷ የያዝሁትን አወጣሁ፣

ባሕር ዳር ስትመጣ፣ መጋረጃ ለብሳ፤
ጉናን ሲወስዱት ቆመች፣ እጇን ሳታነሣ።

ጫካው ዋይታ ሆነ። ለቃሚዎቹ፣ እስላሞቹ፣ ሽማግሌው ካህን፣ ሁሉም አለቀሱ። ስንዱ ብቻ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እንደዚያ ነው እንደማለት። አንዲት ጠብታ አልወጣትም። ስንት ዓመት ሳለቅስ የሐዘንተኛዋን እንባ ማምጣት አቅቶኝ አያውቅም። የዚያን ቀን አቃተኝ።

ስንመለስ፣ በማግስቱ ጥዋት

በዘጌ አድረን ተነሣን። ውሃው ዛሬም ረግቷል። መሐል ሐይቅ ስንደርስ ጋሼ ኑርዬ መቅዘፊያቸውን አኖሩና ያቺን ጥቅል አነሧት።

"ሳይለቀስለት ዕቃው አይሰጥም ብዬ ነው የያዝኋት" አሉ። "አሁን ያንቺ ናት፣ ልጄ።"

ገመዱን ፈቱ። የጣልያን ቲማቲም የመጣበት ጣሳ ነው፤ የቲማቲሙ ሥዕል ገና ቀይ ነው። ጣሳው ግን ጣሳ ሆኖ አልቀረም። በድንጋይ ተቀጥቅጦ ወገቡ ጠቧል፣ አንገት ወጥቶለታል፣ ከአንገቱ ላይ ቀጭን አፍ ወጥቶለታል። እንስራ ነው። ነጯ ሴት የያዘቻት ዓይነት።

"በሽታ ገባ" አሉ ጋሼ ኑርዬ። "የታመሙትን ለብቻ ድንኳን ጣሏቸው። ወታደሮቹ አይገቡም፣ እስረኛውም አይገባም፤ ማን ሞቱን ይሻል። እሱ ግን ይገባ ነበር። በዚህች ከሐይቁ እየቀዳ በየአፋቸው ያፈስላቸዋል። ይኼ የማን ወገን ነው፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው አይልም። 'ተው፣ ይይዝሃል' አልሁት በአጥሩ። 'እየጮሁ ነው፣ አይሰማህም?' አለኝ። ኋላ ያዘው። በመጨረሻ ያየሁት ቀን በአጥሩ ሥር አሾልኮ ሰጠኝ። 'ለስንዱ' አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።"

ስንዱ ጣሳዋን ተቀበለች። አገላብጣ አየቻት፤ የመዶሻ ሳይሆን የድንጋይ ምቱን በጣቷ እየዳበሰች ሄደች። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከሐይቁ ቀዳች። ውሃው በቀጭኑ አፍ በኩል ወረደ። ጠጣች።

"አንሥታ ኖሯል፣ እትዬ" አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም።

"እጇን። አንሥታ ኖሯል። እሱን አስነሥታ ኖሯል።" ወደ እኔ ዞረች። "ያቺን የመጨረሻዋን ስንኝ አውጪልኝ። ሁለተኛ እንዳትያት።"

"እሺ" አልኋት።

ያን ጊዜ ለቅሶው መጣ። እንደ ክረምት ጎርፍ፣ ድምፅ ሳያሰማ ጀምሮ በኋላ ታንኳዋን አናወጣት። ነጠላዬን ፈትቼ ነጯን ሴት ሰጠኋት፤ ከጣሳዋ ጋር አንድ ላይ አቀፈቻት፣ ፊቷን ወደ ፊቷ አድርጋ። ጋሼ ኑርዬ መቅዘፊያቸውን አላነሡም።

"አይቀዝፉም እንዴ?" አልሁ።

"ነፋስ የለም። አይወስደንም" አሉ። "ታልቅስ።"

ፀሐይ ከፍ እስክትል እዚያው ተንሳፈፍን።

ባሕር ዳር ስንደርስ እያለቀሰች ነው የወረደችው። ከወደቡ ላይ የቆመ አስካሪ መንገዱን ዘጋብን።

"የማን ለቅሶ ነው?"

እኔ አስቤው የነበረውን ውሸት ለማውጣት አፌን ከፈትሁ። ስንዱ ቀደመችኝ።

"የባሌ" አለች፣ ጣሳዋን እንዳቀፈች። "የጉናዳሳ። የብር ሠሪው። የታመመ ያስታመመ ሰው ልጅ ነው።"

አስካሪው አያት። ጣሳዋን አያት፣ ነጯን ሴት አያት፣ እኛን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረና ምንም እንዳልሰማ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። አለፍን።

ስንኟን ከዚያ ወዲህ አላልኋትም። እዚህም የጻፍኋት ያን ቀን በዘጌ ስለተባለች ብቻ ነው።